የመጨረሻዋ ፍሬ ክብሪት

ከሩቅ አንዲት መርከብ ብቅ ስትል፣ ጀልባቸው ተሰብሮ ሰው አልባ ደሴት ላይ የቀሩት ሰባት ልጆች ለምልክት እሳት ወደ ከመሩት ጭራሮ ተንጋጉ።

«አለቃ፣ ለኩሰው እንጂ! ምን ይገትርሃል?» ጮኸ ቀጮ።

አለቃቸው ክብሪቱን ከብብቱ አወጣ። ማንንም አላምንም ብሎ አምስት ቀን ሙሉ እዚያው ሸጉጦት ሲተኛ ሰንብቷል፤ «ፀሐይ ላይ ይዋል» ያለውን ቀጮንም በጥፊ አጩሎት ነበር። አሁን ቀፎው በላቡ ላሽቋል። የመጨረሻዋን ፍሬ ሲጭራት ጫፏ እንደ ጭቃ ተላቀቀ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ባዶውን እንጨት ደጋግሞ ጫረ፣ መርከቧ እስክትጠፋ ድረስ።

«ጋሼ፣ ንፋሱ ነው አይደል?» አለ ታናሽ ወንድሙ እንባው እየወረደ። ሌሎቹም አዎ እንዲላቸው ዓይን ዓይኑን አዩት።

ዞረና የራሰውን ቀፎ ዘረጋላቸው።

«ንፋስ አይደለም። እኔ ነኝ።»