ቢጫው አምባር

በዚያ ዘመን የጭንቀት መድኃኒት የጀመረ ሰው ሁሉ ለሦስት ሳምንት ቢጫ አምባር ያስር ነበር። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ያነጫንጫልና፣ ባለ አምባሩ የተናገረው ከቁም ነገር እንዳይቆጠር፣ ክፉ መልስም እንዳይሰጠው ሕግ ወጥቶ ነበር።

ስንዱ አምባሩን ካሰረች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ልቧ ያለምክንያት መደለቁን እየተወ ነው፤ ንዴቷ ግን አፍንጫዋ ላይ ነው።

“መርዕድ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል አልኩህ!” ብላ ባሏ ላይ ጮኸች።

“እሺ፣ የኔ እመቤት” አለ ፈገግ ብሎ፣ ከቧንቧው ሥር የሞላውን ባልዲ እየደፋ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የመለሰላት ይህንኑ ነው።

“መድኃኒቱ አይደለም የሚያናግረኝ፣ ቧንቧው ነው!”

“እሺ።”

ስንዱ የዕለቱን ክኒን አንስታ ከማጠቢያው በላይ ያዘችው። “ደግመህ እሺ ብትል እለቀዋለሁ። የሚሰማኝ ሰው ከሌለ መዳኔ ምን ይረባኛል?”

መርዕድ ክኒኑን አየ። አፉ ላይ የደረሰውን “እሺ” ወደ ውስጥ መለሰውና ድንገት ገነፈለ።

“ቧንቧውን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ! በፒንሳ አትጠምዝዢው ብዬሽ ነበር! ትናንት ደግሞ እናቴን ወሬኛ ብለሻል!”

“ወሬኛ ናቸዋ!”

“ናት! አንቺን ግን ምን አገባሽ?”

ስንዱ ሳቋ አመለጣት። “መስኮቱን ዝጋ፣ ጎረቤት ይከስሃል” አለችው።

እሱ እያጉረመረመ መፍቻ ፍለጋ ሲወጣ፣ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ብርጭቆ ደቅና ጠበቀች፤ ሁለት ጉንጭ ያህል ሲሞላላት ክኒኗን ዋጠችበት።