የዘር ጎታ

ቅድመ አያት ወልደአማኑኤልና አያት እንደሻው «ዘሩን የበላ ገበሬ ከሰው አይቆጠርም» የሚል ሕግ ለቤታቸው ትተው አልፈዋል። ሔኖክም ከአሰላ ወደ ሮቤ ገጠር በመጣበት ቀን፣ ይህንኑ ቃል ይዞ ብቻቸውን በሚኖሩት አባቱ ራስጌ ቆመ። ሰኔ ሊያልቅ ነው፤ የጎረቤት ማሳ ሁሉ ተዘርቶ የእነርሱ መሬት ብቻ ጦሙን አድሯል። አባቱ ግን በእኩለ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር።

«የዘሩን ስንዴ ጨርሰው፣ አፍረው ነው የተኙት፤ አይደለም አባባ?»

«ማዳበሪያው ከአቅሜ በላይ ሆነ» አሉ ሳይዞሩ። «ከዚያ ወዲህ መነሣቱም ከበደኝ። ምን ሆንኩ እንደምልህ አላውቅም።»

ሔኖክ አላመናቸውም። ጓዳ ገብቶ ጎታውን በቡጢ ደበደበው።

«ቀስ በል፣ ይሰነጠቃል!» አሉ አባቱ ከመደባቸው።

ጎታው የሙሉ ዕቃ ድምፅ ሰጠ። ክዳኑም ታኅሣሥ ላይ በእበት እንደተመረገ ነበር፤ በደረቀው እበት ላይ የአባቱ ጣቶች ሳይደበዝዙ ታትመዋል። ሲመለስ የአባቱን ቀበቶ ከራስጌው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አየው። ከድሮዎቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ገባ ብለው በወስፌ የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ቀበቶውን አውርዶ በእጁ እንደያዘ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ።

«ተሳስቻለሁ አባባ» አለ።