አብሮ የሚገባ ሰው

ዝናቡ ሦስት ወር ሙሉ አላባራም። በመጀመሪያው ወር መንገዱ ተናደ። በሁለተኛው የልጅቷ ባል ከነጭነት መኪናው ገደል ገባ። በሦስተኛው ሆዷ ገፋ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ክረምት ከእጁ የወጣ አዲስ ልብስ አንድ ብቻ ነበር፤ የልጁ የሐዘን ቀሚስ። ግራና ቀኙን ሰፋ አድርጎ ነው የቆረጠው።

አሁን ሁለቱም ጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ሁለት ወረቀት ይዛለች። የወሊድ ዝግጅት ትምህርቱ ሁለት ዓይነት ነው። የማክሰኞው ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ነፍሰ ጡሯ ከአንድ ሰው ጋር ትማራለች፤ አብሯት የተማረው ሰው በምጧ ቀን ማዋለጃ ክፍል ይገባል። ያልተማረ አይገባም። የቅዳሜው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ለእናቶች ብቻ።

«ቅዳሜን ልያዝ» አለች።

ልብስ ሰፊው ዙሪያውን ቃኘ። ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ከየባላቸው ጋር ናቸው። ፊት ለፊታቸው አንድ ቦርጫም ሰው ሚስቱን ይነዘንዛል።

«እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምማረው? አላረገዝኩ!»

«ሆድህን አይተው ነው የመዘገቡህ» አለች ሚስቱ። «አርፈህ ተቀመጥ።»

ኮሪደሩ ሳቀ። ልጅቷም ልትስቅ አፏን ከፈት አድርጋ ተወችው።

«የማክሰኞው ይሻላል» አለ አባቷ።

«ከማን ጋር፣ አባዬ?»

«ከኔ ጋር።»

ዘወር ብላ አየችው። «አንተ? ከነዚህ ሁሉ ጎረምሶች መሃል? ሱቁስ?»

«ሱቁ የትም አይሄድ።»

«ተወው በቃ። ብትማርስ ምን ዋጋ አለው? በቀኑ የሆነ ሰበብ ፈልገው በር ይዘጉብሃል። በእናቴ ጊዜ አናስገባም ብለውህ የለ?»

እንዲህ ብሎ ነበር ያሳደጋት። ገና በልጅነቷ ስትጠይቀው አላስገቡኝም አላት። ለጎረቤትም እንዲሁ አለ። ደጋግሞ ከማለቱ የተነሣ ራሱም የሚያምንበት ቀን ነበር።

አዋላጇ መዝገብ ታቅፋ ብቅ አለች። «የማክሰኞዎች፣ ልንጀምር ነው! ያልተመዘገበ ካለ ይምጣ። የቅዳሜዎችም እኔው ጋ ነው።»

ልጅቷ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ ልትነሣ ስትል አባቷ ክንዷን ያዘ።

«ቆይ። አልከለከሉኝም።»

«ምኑን?»

«አንቺ የተወለድሽ ቀን። ማንም አልከለከለኝም። የዚያን ቀኗ አዋላጅ ወጥታ ሚስትህ ትፈልግሃለች፣ ግባ አለችኝ። የሙሽራ ኮት ይዤ ነበር። ሠርጉ በማግስቱ ነው፤ አዝራሮቹ ቀርተውኛል። የመጀመሪያ ልጅ መች ቶሎ ይመጣል ብዬ፣ እሺ መጣሁ አልኳት። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ መጣች። ሦስት አዝራር ቀርቶኝ ነበር። እቺን ልጨርስ አልኳት።»

ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

«ክሩን በጥርሴ በጥሼ ስነሣ፣ አዋላጇ አንቺን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። እናትሽ ደሙ አልቆም ብሏት አልፋለች።»

ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ባሎቹ ሚስቶቻቸውን እየደገፉ መግባት ጀመሩ። ቦርጫሙ ሰውዬም ትራስ በብብቱ ይዞ አለፈ።

«ሁለተኛ ስትመጣ» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ቀጥኗል። «እናቴ ምን ብላ ነው የላከቻት?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ይዞት ኖሯል።

«"ፈርቻለሁ በዪው" ብላለች አለችኝ።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። የምትጮህበት መሰለው። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ዕድሜ ልኬን» አለች ቀስ ብላ፣ «ዕድሜ ልኬን እነዚያን ሰዎች ስረግም።»

«አዎ።»

«አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስትሰማ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

ይቅር በዪኝ ማለት አፉ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን እሱም ደግሞ ከእሷ አንድ ነገር መጠየቅ መሰለውና ዋጠው።

ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። አዋላጇ ወደነሱ መጣች። «እህቴ፣ እናንተ ብቻ ቀራችሁ። የትኛውን ልጻፍልሽ?»

ልጅቷ የያዘቻቸውን ወረቀቶች አጠፈቻቸው። ወደ አባቷ አላየችም።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች።

«አለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

አዋላጇ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች።

«የማክሰኞውን» አለች ልጅቷ።

«ጥሩ። አብሮሽ የሚገባው ማነው?»

ልጅቷ ወረቀቶቹን እንደገና አጠፈቻቸው። ያቺ ቅጽበት ልብስ ሰፊውን ከክረምቱ ሁሉ ረዘመችበት።

«አባቴ ነው።»

«ጎሽ አባት!» አዋላጇ ጻፈች። «ጫማችሁን እዚሁ አውልቁ፤ ውስጥ ምንጣፍ ነው።»

ልጅቷ ልታጎነብስ ሞከረች፤ ሆዷ አላስጎነብስ አላት። እግሯ ስላበጠ ያደረገችው የባሏን ጫማ ነበር። ልብስ ሰፊው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቀጭ አለ። ማሰሪያው ጠብቋል። ቋጠሮውን በጥፍሩ ፈታ፣ አንዱን ጫማ አወለቀ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ሁለቱንም ግድግዳው ሥር አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው። ልጅቷ እንዳትወድቅ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ነበር። የራሱንም አውልቆ ቀና ሲል እጇን አላነሳችም። እንደዚያው ሆነው የበሩን ደፍ አለፉ።