ጥላ የሌለው ደመና

«በቃ፣ ደመና ነው ብለሽ ሸፍኚው» አሏት አጎቷ። ሥራ ያስገቧት፣ የሳተላይት ምስል ማንበብ እንድትማር የላኳት፣ አሁን ደግሞ አለቃዋ ሆነው ከወንበሯ ጀርባ የቆሙት የአባቷ ወንድም ነበሩ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጣ ያለች ቦታ ላይ ተተክሏል። ያቺ ቦታ አምና ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበረች፤ የጣውላ ነጋዴው ወዳጃቸው መንጥሮ ባዶ መሬት አደረጋት።

«ጋሼ፣ ደመና ከሆነ እኮ ጥላው አጠገቡ ይወድቃል። መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው። ጥላው የታለ?»

«ታዲያ ጥላውንም ሳዪበታ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባጎረስኩ እጄን ልነከስ ነው?»

ብድግ አለችና ማውሱን ወደ እሳቸው ገፋችው። «ይኸው፣ እርስዎ ይሳሉት።»

እጃቸው ተዘረጋ፤ ማውሱ ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ተመልሶም ኪሳቸው ገባ። እሷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ነጣ ያለችውን ቦታ በቀይ ከበበችና «የተመነጠረ ጫካ» ብላ ጻፈች። «ያረጋገጠው» በሚለው ሥር ስሟን እስከ አያቷ አሰፈረች። ያ የመጨረሻው ስም የአጎቷም አባት ስም ነበር።