የተዋሰ ይመልስ

ማን ነበር የጠቆመው?

ናዝሬት ይህን ጥያቄ ከጦርነቱ ጀምሮ ይዛው ትኖራለች። በዚያ ማለዳ ወታደሮቹ ወደ ሰፈሩ ሲገቡ ወፍጮ ቤቱን አላንኳኩም፤ ፊት ለፊት ያለውን ቤትም አላንኳኩም። ቀጥ ብለው መጥተው የእነሱን አረንጓዴ በር ገነጠሉት። ጓዳ ውስጥ ከጆንያ ጀርባ የተደበቀውን ታላቅ ወንድሟን ዘሚካኤልን እየጎተቱ ወሰዱት። አስከሬኑ እንኳ አልተመለሰም።

እናቷ መልሱን አታጣውም። «ሓድጉ ነው» ትላለች። «ሌላ ማን አለ?»

አቦይ ሓድጉ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ወታደሮቹ ትምህርት ቤቱን ካምፕ ሲያደርጉት እሳቸውን አላባረሩም። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ እሳቸው ጧት ይገባሉ፣ ማታ ይወጣሉ። ወታደሮቹ ለቀው ሲሄዱ ክፍሎቹን የጠረጉትም እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ሰላምታ ነፈጋቸው። አንድም ቀን አልተከራከሩም። ናዝሬትን መንገድ ላይ ሲያዩ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። የበደለ ሰው አካሄድ ነው፣ ትላለች በልቧ።

አሁን አቦይ ሓድጉ ሞተዋል። በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው ደግሞ ናዝሬት ናት።

በሰፈሩ ሌላ ጸሐፊ የለም። እሷ ዓይነ አፋር ናት፤ ጥቂት ሰው ፊት ከቆመች ድምፅዋ ይጠፋል። ነገር ግን ወፍራም የአማርኛ የጥቅስ መጽሐፍ አላት። ጥቅሶቹ በርዕስ በርዕስ ተለይተዋል፤ ፍቅር፣ ትዕግሥት፣ ጋብቻ፣ ሞት። ሚዜው፣ ተመራቂው፣ ጡረታ የሚወጣው መምህር፣ ንግግር ያለበት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። የሚስማማውን ትመርጥና ወደ ትግርኛ ትመልሰዋለች። ሌላ ሰው ያነበዋል፤ ለሌላ ሰው ይጨበጨባል። በዚህ ተከፍታ አታውቅም። አፉ ለሚደርቅበት ሰው የተዋሰው ቃል ምርኩዝ ነው ብላ ታምናለች።

መጽሐፍ ማዋስም ትወዳለች። እንዳይጠፋባት በእያንዳንዱ ሽፋን ውስጥ ስሟንና የቤቷን አቅጣጫ በሚያምር ቁም ጽሕፈት ትጽፋለች። ዘሚካኤል ይስቅባት ነበር። «ያንቺ መጽሐፍ ቢጠፋ ፈላጊ አያስፈልገውም! ራሱ መጥቶ በሩን ያንኳኳል።»

የእድሩ ሰብሳቢ አያ ረዳኢ በቀብሩ ዋዜማ መጡ።

«አጭር ይሁን፣ ጓለይ፣ ልጄ። ብዙ ሰው አይመጣም። ጥቅሱን ግን እንዳትረሺ። ጥቅስ የሌለው የሕይወት ታሪክ የመብራት ቆጣሪ ንባብ ነው የሚመስለው።»

«ስለ ምን ይሁን?»

«ስለ ታማኝነት አድርጊው። ዘበኛ አልነበር?»

እናቷ ከጓዳ «ታማኝነት!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አይልም።

ናዝሬት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቀድመው ያዩታል?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ? መነጽሬን የማወጣው መቃብሩ አፋፍ ላይ ነው። አንቺ የጻፍሽውን አነባለሁ፣ አለቀ።»

ሲሄዱ መጽሐፉን ገለጠች። ይኼኛው ሁለተኛ ቅጂዋ ነው። የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ተስፋልደት ለምረቃ ንግግሩ ተውሶት ነበር። ምረቃው ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ፤ ተስፋልደትም ቦርሳውን እንዳነገተ ኬላ ላይ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

«ታማኝነት» የሚለውን ርዕስ አልፋ «ክህደት» ላይ ቆመች። ጎረቤቱን አሳልፎ ሰጥቶ በአልጋው ላይ ስላረጀ ሰው የተባለ አንድ ጥቅስ አገኘች። ስም አይጠራም። ግን ቀብሩ ላይ ሲነበብ የማይገባው ሰው አይኖርም።

ለእናቷ አነበበችላት።

«እሰይ!» አለች እናቷ። «እሱ ባይሰማ ሚስቱ ትስማው።»

ናዝሬት በወረቀቱ መጨረሻ ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተገኘው ሰው በእርግጥም ጥቂት ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰዋል። የሟቹ ሚስት አደይ ዘቢብ ከሴቶቹ መካከል ተነስተው ወደ ናዝሬት መጡ። በነጠላቸው የሸፈኑት ነገር ነበር።

«ስለጻፍሽለት እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጓለይ። ሌላው እምቢ ይለን ነበር።»

ናዝሬት መሬት መሬት አየች።

«እንኪ፣ ይኼ ያንቺ ነው። ወታደሮቹ የሄዱ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ሲጠርግ የአዛዡ ጠረጴዛ ላይ አገኘው። ሳጥን ቆልፎበት ኖረ። ሊሞት ሲል ‹የናዝሬት ነው፣ እንዳታየው፣ አቃጥዪው› አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን መጽሐፍ ይቃጠላል ወይ? ላንቺማ ይጠቅምሻል ብዬ ነው።»

አያ ረዳኢ መነጽራቸውን አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። «በይ፣ ወረቀቱን።»

ለተስፋልደት ያዋሰችው የጥቅስ መጽሐፍ ነው። ናዝሬት ሽፋኑን ገለጠች። ጽሕፈቱ የራሷ ነው።

«ይህ መጽሐፍ የናዝሬት ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ አረንጓዴ በር። የተዋሰ ይመልስ።»

አረንጓዴ በር የሚለው ዙሪያውን በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

«ናዝሬት፣ ወረቀቱን!» አሉ አያ ረዳኢ።

እናቷ ከወዲያ በዓይኗ ታጣድፋታለች። ናዝሬት ወረቀቱን አጣጥፋ መጽሐፉ ውስጥ ከተተችው፤ ሁለቱንም ለአደይ ዘቢብ መልሳ አስያዘቻቸውና በባዶ እጇ ወደ መቃብሩ ራስጌ ሄዳ፣ ከሰዉ ፊት ቆመች። «ዛሬ እኔው ነኝ የምናገረው» አለች።