የተፈቀደች ሲጋራ

ሐኪሙ ከጋዋኑ ኪስ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ የወልደጻድቅ ብርድ ልብስ ላይ ሲያስቀምጠው፣ እናናየሁ የባሏን እግር ማሸቷን አቆመች። ትናንት ያንኑ ፓኮ ከትራሱ ሥር አግኝቶ የቀማው ራሱ ሐኪሙ ነበር። «ጓድ ወልደጻድቅ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አያነቡም? ማጨስ ክልክል ነው» ብሎ ሲቆጣው፣ ወልደጻድቅ «ቤቴን ቀበሌ ወረሰው፤ ሲጋራዬን ደግሞ እርስዎ ይውረሱት» ብሎ በሽተኛውን ሁሉ አስቆ ነበር።

ዛሬ ግን የሐኪሙ ድምፅ ለስልሷል። «የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬ ቀለል ብሏል። ባለቤትዎ ደግፈው ያውጡዎትና ፀሐይ ላይ ሆነው ያጭሱ» አለና እናናየሁን ሳያያት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ወልደጻድቅ አንዷን ሲጋራ መዝዞ አፍንጫው ሥር አድርጎ በረጅሙ አሸተታት። ሳምንቱን ሙሉ ከትራሱ ሥር ደብቆ ሲመኛት ከርሞ፣ አሁን ወደ አፉ አላስጠጋትም። እናናየሁ ፊቷን እንዳያይባት ክብሪት የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች።

«እናኑ፣ ትናንት የከለከለኝን ዛሬ ለምን ፈቀደልኝ?»

«አዝኖልህ ነዋ።»

«አዎ፣ አዝኖልኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ሲጋራዋን መዳፏ ላይ አኑሮ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት። «እንግዲያው አንቺ ከልክይኝ።»

እናናየሁ ቀና ብላ አየችው። «አታጨስም» አለችው፣ ሲጋራዋን ወደ ፓኮው እየመለሰች፤ «ሳልህ ይብስብሃል። ስትድን ታጨሳለህ።»

«እሺ» አላትና ዓይኑን ጨፈነ።