አባቴ የሚመታው ግድግዳ

ለክለብ ስጫወት አባቴ መቱ ከተማ ሆኖ በሬዲዮ ይከታተለኝ ነበር። ጎል ባስቆጠርኩ ቁጥር ከጎረቤታችን ከእትዬ በየነች የሚለየንን ግድግዳ ሦስቴ ይመታል፤ እሳቸው ከወዲያ እልል ይሉለታል።

አባቴ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔም ጉልበቴ ተጎድቶ ኳስ አቁሜ፣ በቤቱ ብቻዬን እኖራለሁ።

ትናንት ከሰዓት ከጎሬ ስመለስ እትዬ በየነች እልልታቸውን ያቀልጡታል። እሳቸው ቤት ገባሁ።

«ምን ተገኘ፣ እትዬ?»

«ጎል አስቆጠርክ አይደል እንዴ? ግድግዳው ሦስቴ ተመታ።»

«ኳስ ካቆምኩ እኮ ቆየሁ። ቤቱም ዝግ ነው» ብዬ ቁልፉን አሳየኋቸው።

«አዬ ልጄ» አሉኝ፣ አዝነውልኝ።

ቁልፉ እጄ ላይ እንዳለ ግድግዳው ከእኔ ቤት በኩል ተመታ። ደገመ።

እትዬ በየነች ሦስተኛውን እየጠበቁ እጃቸውን ወደ አፋቸው አነሱ።